በበዓል ሰሞን የልጆች ጥርስና ጣፋጭ፦ የባሰው የትኛው ነው?

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ) | መስከረም 5

እንኳን አደረሳችሁ። እኔ የእንቁጣጣሽን ሌሊት ያሳለፍኩት ልጄን ታቅፌ ሳባብል ነው። ለዚያም ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

ትልቋ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ከጎረቤት ልጆች ጋር አበባየሆሽ ስትል አርፍዳ ያገኙትን ብር ተካፈሉና ድርሻዋን ይዛ በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄደች። ከረሜላ በከረጢት፣ ባለ እንጨቱን ከረሜላ፣ ማስቲካ ገዝታ መጣች። ወንድሟ ስድስት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ እህቱ ደግ ናትና እኩል አካፈለችው። ከሰዓት በኋላ እንግዳ መጣ፤ ኬክ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ቡናው ሲፈላ ፈንዲሻው ላይ እንደ ልማዳችን ስኳር ነሰነስንበት። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ አፉ ባዶ ሆኖ አላየሁትም። በዓል ነው ብዬ ዝም አልኩ። ማታ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለው፤ ተሸክሜ ሳስተኛው ጉንጩ ውስጥ ገና ያልሟሟ ከረሜላ አገኘሁ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እየጮኸ ነቃ። ቀኝ ጉንጩን ይዞ ይንፈራፈራል። አማቴ አብረውን ነበሩ፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው በጥጥ ጠቅልለው ጥርሱ ላይ አደረጉለት። በቅን ልቦና ነው ያደረጉት፣ እሳቸውም ያደጉበት ነው። ጠዋት ግን ድዱ ነጭ ሆኖ ተልጦ አየነው። በሰፈራችን ያሉት የጥርስ ክሊኒኮች በበዓሉ ምክንያት ተዘግተው ስለነበር በሦስተኛው ቀን ነው ሐኪም ያየው። ሁለት ጥርሶቹ ተቦርቡረዋል ተባልኩ። አንደኛው የወተት ጥርስ ነው፣ ሌላው ግን ቋሚ ነው። እኔ ሁሉም የወተት ናቸው፣ ይወድቃሉ ብዬ ነበር የማስበው። ይህን ስሰማ እግሬ ከዳኝ። ያየው ሐኪም ወረፋ ስለበዛበት «ጣፋጭ ይቅርበት» ብሎ ሸኘኝ።

መስከረም 16 ደመራ ነው። ለመስቀል ወደ ባለቤቴ አገር፣ ወደ ጉራጌ እንወርዳለን፤ እዚያ ደግሞ ጣፋጭ የማይሰጥ ዘመድ የለም። ለልጅ በዓሉን መራራ ማድረግ አልፈልግም። ከእነዚህ ሁሉ ጣፋጮች ጥርስን አብዝቶ የሚጎዳው የትኛው ነው? ማር ደግሞ ከስኳር ይሻላል? እናቴ ከጎጃም የምትልክልኝ ንጹሕ ማር አለ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

የሦስት ልጆች አባት | መስከረም 5

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። እኔ አንድ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኝ ከረሜላ የሚባል ነገር ቤቴ እንዳይገባ ከለከልኩ። ለአራት ወራት ያህል የተሳካልኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የመካከለኛውን ልጄን ፍራሽ ስናገላብጥ ሠላሳ የሚሆን የከረሜላ ልጣጭ አገኘን። መብራት ከጠፋ በኋላ በጨለማ ይበላ ነበር። ጥርሱን ሳይቦርሽ፣ ተኝቶ። ክልከላዬ ጣፋጩን ከቀን ወደ ሌሊት አዛወረው እንጂ አላስቀረውም። የሕክምናውን ነገር ለሚያውቁት እተወዋለሁ፤ ጨርሰሽ አትከልክይ የምለው ግን ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው።

---

የጥርስ ሐኪም ከደሴ | መስከረም 6

እህቴ፣ የልጅሽን ጥርስ እኔ ስላላየሁት ስለ እሱ ሕክምና ያየው ሐኪም የሚልሽን ስሚ። ስለ ጣፋጩ ግን ላስረዳሽ እችላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጥርስ ወንበር አጠገብ ቆሜያለሁ። ደሴ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም በዓል እኩል የሚደምቅባት ከተማ ናት፤ ከፋሲካ ማግስትም ከኢድ ማግስትም ክሊኒኬ በር ላይ የሚሰለፈው ጉንጩን የያዘ ልጅ ነው።

«የባሰው የትኛው ነው» ላልሽው፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ጣፋጩ አፍ ውስጥ ስንት ሰዓት ቆየ፣ በቀን ስንት ጊዜስ ገባ ብዬ ነው። ሰዎች «ጥርሴን ትል በላው» ይሉኛል። ትል የለም። ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን አለ፤ በውስጡ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል። የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ ውጫዊ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ከዚያ ምራቅ ይመጣና አሲዱን ያለዝባል፣ የጠፋውን ማዕድን ቀስ እያለ ይመልሳል። ለዚህ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ልጅሽ በምሳ ሰዓት አምስት ከረሜላ አከታትሎ በልቶ ቢጨርስ ምራቁ አንድ ጊዜ ነው የሚታገለው። እነዚያኑ አምስት ከረሜላዎች በየሰዓቱ አንድ አንድ እያደረገ ቢመጥ ግን ጥርሱ አምስት ጊዜ ይጠቃል፤ ለመጠገንም ፋታ አያገኝም። ስኳሩ ያው ነው፣ ጉዳቱ ግን አንድ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ዓይን የበዓሉን ገበታ እንየው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ቀስ እያለ የሚሟሟውን ጠንካራ ከረሜላ ነው፤ ባለ እንጨቱም ያው ነው። ይዘው የሚተኙት ደግሞ ይብሳል፤ እንቅልፍ ላይ ምራቅ በጣም ስለሚቀንስ ስኳሩ ጉንጭና ጥርስ መካከል ተቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ቀጥሎ የሚያጣብቀው ነው፤ ቶፊና ስኳር ያለው ለስላሳ ማስቲካ የመንጋጋው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ቸኮሌት ቶሎ ቀልጦ ስለሚሄድ ከእነዚህ ይሻላል። ይሻላል አልኩ እንጂ ለጥርስ ጥሩ ነው አላልኩም።

ለስላሳው ሁለት ጉዳት አለው። የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት የሻይ ማንኪያ የማያንስ ስኳር አለ፤ መጠጡ ራሱም አሲድ ነው፤ ባክቴሪያ ባይኖር እንኳ ጥርስን ያለሰልሳል። በዓል ላይ ልጆች አንዱን ጠርሙስ ይዘው እየተጫወቱ፣ እያስቀመጡ፣ ተመልሰው እየተጎነጩ ሦስት ሰዓት ያቆዩታል። ጥርሳቸውን የሚያጠፋው ይህ ነው። በምግብ ሰዓት በብርጭቆ ቀድተሽ ስጪውና ይጨርሰው፤ ከዚያ በኋላ ውኃ ብቻ። ለስላሳ እንደ ጠጣ ደግሞ ወዲያው አታቦርሺው። ጥርሱ በዚያች ሰዓት ለስልሶ ስለሚቆይ ብሩሹ ይፍቀዋል። በውኃ ተጉመጥሙጦ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

አሁን ስለ ስድስት ዓመቱ መንጋጋ ልንገርሽ። ያንቺ ስሕተት የብዙ እናትና አባት ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳያስወልቅ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ኋላ ብቅ ስለሚል የወተት ጥርስ ይመስላል። ገና እንደወጣ ሽፋኑ አልጠነከረም፣ ስንጥቆቹም ጥልቅ ናቸው፤ በቀላሉ ይጠቃል። ወላጁ ግን «ይወድቃል» ብሎ ይተወዋል። ይህን ጥርስ የሰባት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ከመዳን አልፎ ስነቅል ሁልጊዜ ልቤ ያዝናል፤ ሌላ አይበቅልለትማ። የልጅሽ ቶሎ ስለታየ ምናልባት ተሞልቶ ይተርፋል፤ ቀጠሮውን አታሳልፊ።

ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ፣ የተፈጨ አስፕሪን ድድ ላይ ማድረግ ያቃጥላል፤ የልጅሽ ድድ የተላጠውም ለዚህ ነው፤ ራሱ ይድናል። ሌላ ጊዜ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጨው ጨምረሽ አጉመጥምጪው፣ ጥርስ መካከል የተቀረቀረ ነገር ካለ በክር አውጪ፣ ለክብደቱ የሚስማማ ፓራሲታሞል ስጪው። ፊቱ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለው ግን በዓልም ቢሆን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ እስከ ማግስቱ አይደርም።

---

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ) | መስከረም 6

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ለባለቤቴም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሌሊት ይዞት የተኛውን ከረሜላ ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንዱ ያው ማሩ ነው፤ ለልጆቹ ብርዝ አዘጋጅላቸዋለሁ፣ ከለስላሳ ይሻላል ብዬ። ሁለተኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። በየዓመቱ ለመስቀል ስንወርድ ለመንደሩ ልጆች ሁለት ኪሎ ከረሜላ ገዝተን እንገባለን። መኪናው ሲቆም ልጆቹ ሮጠው ይመጣሉ፣ እናድላለን፣ ደስ ይላል። የኔ ልጅ ቢያመው ሦስት ቀን ቆይቶም ቢሆን ሐኪም አየው። እነዚያ ልጆች ሌሊት ሲያማቸው ማን ያያቸዋል? ይህን ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም።

---

የጥርስ ሐኪም ከደሴ | መስከረም 7

ማር ንጹሕ ቢሆንም ለጥርስ ባክቴሪያ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ማርን ሊቀነሱ ከሚገባቸው ስኳሮች ጋር ነው የሚቆጥረው። ብርዙን ከምግብ ጋር አጠጫቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሚጎነጩት አይሁን። ቀሪቦም እንዲሁ ነው፤ ገብሱ ምንም ባይልም ስኳር ይገባበታል።

ቡናውንም አልረሳሁትም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስቱንም ስኒ በስኳር ስንጠጣ፣ በመካከሉም ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻ ስንቆረጥም አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ይህ ለትልቅ ሰው የማነሣው ነው። እናቶቻችን ጥርሳቸውን የሚያጡት ከረሜላ በልተው አይደለም፤ በየቀኑ በዚያ ስኒ ነው። ፈንዲሻውን ባዶውን ወይም በጨው አቅርቢው፤ ልጆቹ ከሁለተኛው ቀን በኋላ አይጠይቁሽም። ልጣጩ ድድ ሥር ስለሚሰካ በኋላ በደንብ ይቦርሹ።

ቦርሽ ካልኩ፦ ከመተኛት በፊት ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ባለው የጥርስ ሳሙና፣ የአተር ፍሬ በምታክል መጠን፣ አንቺው ራስሽ ቦርሺው። እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት የልጅ እጅ ኋላ ያለውን መንጋጋ አያዳርስም። ትርፉን ይትፋ፣ ግን በውኃ አይጉመጥመጥ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ። አገር ቤት ስትወርዱ ብሩሹ ቢረሳ የወይራ መፋቂያ አለ፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰ ያጸዳል።

ለመስቀል እናንተ ዘንድ የማይጠፋ አንድ መልካም ነገር አለ፤ አይብ። ከምግብ በኋላ የሚቀመስ አይብ ምራቅ ያመነጫል፣ አሲዱን ያለዝባል። ልጆቹ ጣፋጩን ከበሉ በኋላ በአይብ ይጨርሱ።

ስለ መንደሩ ልጆች ያነሣሽው ነገር ልቤን ነካው። ከከተማ ከረሜላ ይዘን እንገባለን፣ ሐኪም ይዘን አንገባም። ሌላ ስጦታ ብታስቢ ደስ ይለኛል።

---

የወንጂ ልጅ | መስከረም 7

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ወንጂ ነው፤ የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባት። አገዳ መንገድ ዳር ሳይቀር እየነቀልን እየላጥን ነው ያደግነው። ጥርሴ ቡናማ ሆኖ የበለዘ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጓደኞቼ «ስኳር ስትልስ አድገህ ነው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜ፣ ፎቶ ስነሣ አፌን ገጥሜ ኖርኩ።

ስኳሩ አልነበረም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃው የሚይዘው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ እጅግ የበለጠ ነው። ጥርስ ድድ ውስጥ እያለ ገና ሲሠራ ነው የሚያበልዘው። ይህን የምጽፈው በዝዋይና በመቂ አካባቢም ልጁ ጥርሱ ሲበልዝ «ከረሜላ ስላበዛህ ነው» ብለው የሚገርፉ ወላጆች ስላየሁ ነው። የበለዘ ጥርስና የተቦረቦረ ጥርስ አንድ አይደሉም። ልጁ ጥፋት የለበትም።

ስለ አገዳው፦ ልጣጩን በቢላ ላጡላቸው። የፊት ጥርሴ ጫፍ የተሸረፈው በጥርሴ ስልጥ ነው።

---

ከድሬዳዋ | መስከረም 8

በኛም በኩል ነገሩ ያው ነው። ረመዳን ሲገባ ሙሸበክ የማይጠበስበት መንገድ የለም፤ ሽሮፑ ከጣት እንኳ አይለቅም። ለኢድ ደግሞ ሐላዋው አለ። ተምር በረከት ነው፤ ለጥርስ ግን ተጣባቂ ነው። እናቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ ተምሩን አስቀምሳን ወዲያው ውኃ ታስጎነጨን ነበር። ቀጥላ ለመግሪብ ከመቆማችን በፊት ሲዋክ፣ ማለትም መፋቂያ፣ ትሰጠን ነበር። ለሱና ነው የምታደርገው። የዶክተሯን ጽሑፍ ሳነብ የእናቴ ሥርዓት ትዝ አለኝ። ስድስታችንም ጥርሳችን ደኅና ነው።

የሚያስቸግረው የኢድ ቀን ነው። ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰው ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ በየቤቱ ጣፋጭ ይጎርሳሉ። እኔ ትንሽ ቦርሳ ሰፋሁላቸው። የተሰጣቸውን «ሹክረን» ብለው ይቀበላሉ፣ ቦርሳው ውስጥ ያስገባሉ፣ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብለው የፈለጉትን ይመርጣሉ። ሰጪው አይቀየምም፣ ልጁም አይከፋም።

---

ከሲልቨር ስፕሪንግ | መስከረም 9

የድሬዋ እኅቴ ቦርሳ እዚህ አሜሪካም ይሠራል! እኛ ከእንቁጣጣሽ ሁለት ወር ሳይሞላ ኦክቶበር 31 ሃሎዊን ይመጣብናል፤ ልጆቼ የትራስ ልብስ የሚሞላ ከረሜላ ይዘው ይገባሉ። አንዳንድ የጥርስ ሐኪሞች ከልጆቹ ላይ ከረሜላውን በገንዘብ ይገዛሉ። እኔም ቤት ውስጥ እገዛቸዋለሁ፤ አሥር ይመርጣሉ፣ የቀረውን ለኔ ይሸጣሉ፣ በገንዘቡ የሚፈልጉትን መጫወቻ ይገዛሉ።

የወንጂውን ወንድሜን ጽሑፍ ሳነብ ተገረምኩ። እዚህ ብዙ ቦታ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ለጥርስ ተብሎ ፍሎራይድ ይጨመራል፤ የሚመከረው በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ነው። ባለፈው የሄድን ጊዜ ለዝዋይ ዘመዶቼ ልጆች የጥርስ ሳሙና ወስጄ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ አጠፋሁ እንዴ? ዶክተር፣ እዚያ ያሉ ልጆች ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይጠቀሙ?

---

የጥርስ ሐኪም ከደሴ | መስከረም 9

አላጠፋሽም። የሚያበልዘው የሚዋጠው ነው፤ ሳሙናው ተተፍቶ የሚወጣ ነው። ትንንሾቹ ግን መትፋት ስለማይችሉ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታክል ብቻ፣ ወላጅ እያየ ይሁን። ውኃው ከፍተኛ ፍሎራይድ ባለበት አካባቢ ደግሞ መጠኑን በአካባቢው ያለ ሐኪም ይወስን። ለሕፃናት የሚጠጣውን ውኃ መለወጥ ከተቻለ እሱ ይቀድማል።

---

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ) | መስከረም 19

ተመለስን። ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ ተጨንቃችሁልኛልና።

ከመሄዳችን በፊት የልጄ ቋሚ መንጋጋ ተሞላ። ማደንዘዣው ሲወጋ እጄን ጨብጦ ይዞኝ ነበር፤ አላለቀሰም። የወተት ጥርሱ ግን መነቀል ነበረበት። ለሁለቱም ልጆች ከአሮጌ ነጠላ ቦርሳ ሰፋሁላቸው። ልጄ የሱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደመራው ሲለኮስ ሳይቀር አላወለቀውም። የተሰጠውን ሁሉ እየከተተ «ከምግብ በኋላ ነው የምበላው፣ ጥርሴ ተሞልቷል» እያለ ላገኘው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያሳያል።

ክትፎው ከተበላ በኋላ አማቴ አይቡን ራሳቸው አጎረሱት። በነጭ ሽንኩርቱ በጣም አዝነው ነበርና የዶክተርን መልስ ሳነብላቸው «እኔ ደግሞ ልጄን አቃጥዬው ኖሯል» ብለው ጉንጩን ሳሙት። ማታ ማታ መፋቂያ የሚያለሰልሱለት እሳቸው ነበሩ።

ለመንደሩ ልጆች ደብተር፣ እስክሪብቶና የጥርስ ብሩሽ ከነሳሙናው ወሰድን፤ አርባ ብሩሽ። መኪናው ሲቆም እንደ ወትሮው ሮጠው መጡ። ደብተሩን ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ግን፣ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ብሩሹን አገላብጣ አይታ «ከረሜላውስ?» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት አላወቅሁም። ለባለቤቴ ነገርኩትና ከሱቅ ትንሽ ከረሜላ ገዝቶ መጣ፤ በማግስቱ ልጆቹ አማቴ ግቢ ምሳ ሲበሉ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰጠናቸው። ከዚያ ሁሉም ብሩሻቸውን ይዘው ጎተራው አጠገብ ተሰለፉ፤ ልጄ መሐላቸው ቆሞ የኋላው መንጋጋ እንዴት እንደሚቦረሽ ያሳያቸው ነበር።